ፍሬ የሚቆጥረው ወፍጮ

ተረት ተረት።
የላም በረት።

በአንድ ወቅት ሰባት ኮረብታ ያላት አዝመራ የምትባል አገር ነበረች። በየኮረብታው የሚኖረው ሁሉ የየራሱ እህል ነበረው። አያ ዝንጀሮ በቆሎ፣ ሚዳቋ ገብስ፣ አያ ጃርት ማሽላ፣ እመት ቆቅ ደግሞ ጤፍ ያመርቱ ነበር። ሁሉም በየቤቱ በድንጋይ ይፈጫል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፣ ዱቄቱም ሸካራ ነው፤ ግን ስንት ቁና ገብቶ ስንት ቁና እንደወጣ የማያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ጉማሬ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ጉማሬ ግን ከጅብ ይብሳል፤ ቁርበቱን ራሱ ይዞ መጥቶ በሰው ግቢ አነጠፈና ባለቤቶቹን “ተቀመጡ እንጂ!” አላቸው።

“ወፍጮ ላቆምላችሁ ነው የመጣሁት” አለ።

“ዋጋውስ?”

“በእኛ መካከል ምን ዋጋ አለ! የመጀመሪያው ዘመን በነፃ ነው። ከምታስፈጩት ቁና እፍኝ እፍኝ ብቻ አስቀራለሁ፤ ወፍጮዬ እንዲለማመድ።”

አባ ኤሊ አንገቱን ከድንጋዩ አውጥቶ “ወፍጮ ምንድን ነው የሚለማመደው?” ሲል ጠየቀ። ሸንጎው በሙሉ ሳቀበት።

ወፍጮው ግን በእርግጥ የሚለማመድ ወፍጮ ነበር። በውስጡ ያለፈውን እህል ጠባይ ያጠናል፤ ብዙ በፈጨ ቁጥር ብዙ ያውቃል፤ በመጨረሻ የጤፍ ማሳ አይቶ የማያውቅ ሰው “ይህስ ጤፍ ነው” ብሎ የሚምልበትን ዱቄት ከራሱ ሆድ ያወጣል። አንባቢ እንደገመተው የማወራው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እህሉም የጻፍነው፣ የተናገርነው፣ ፎቶ ያነሣነው፣ በስልክ የተጻጻፍነው ነገር ሁሉ ነው። ከዚህ ወዲያ ተረቱንና እውነቱን እያፈራረቅሁ እሄዳለሁ፤ ግራ የሚጋባ ቢኖር ጥፋቱን ለእኔ ሳይሆን ለዘመኑ ይስጥ።

በነፃ ለተባለ ነገር የሁሉም አገር መልስ አንድ አልነበረም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኢንተርኔት ዶት ኦርግ ብሎ ጀምሮ በኋላ ፍሪ ቤዚክስ ያለውን፣ የተመረጡ ጥቂት ገጾችን ብቻ ያለ ክፍያ የሚያሳየውን አገልግሎት ይዞ ህንድ ሲገባ፣ የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በፌብሩዋሪ 2016 በይዘት ላይ የተለያየ ዋጋ መጣልን ከለከለ። ፍሪ ቤዚክስም ከህንድ ወጣ። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን በራቸውን ከፈቱለት። አዝመራም ከፈተች።

በሁለተኛው ዘመን በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሰሌዳ ተሰቀለ። ክፍያው በኩንታል ወይም በቁና ሳይሆን በፍሬ ሆነ። ዝንጀሮ በቆሎውን አስቆጥሮ፣ ከፍሎ፣ በጊዜ ቤቱ ገባ። እመት ቆቅ አንድ ቁና ጤፏን ይዛ ቀረበች። ቆጣሪው ሳይጨርስ ጀንበር ጠለቀች።

“አያ ጉማሬ፣ የዝንጀሮም አንድ ቁና፣ የእኔም አንድ ቁና። እኔን ስለምን የዓመት እንቁላሌን ያስከፍሉኛል?”

“ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ አንድ ፍሬ አንድ ሳንቲም። እህልሽ ደቃቃ መሆኑ የእኔ ጥፋት ነው?”

“ሕጉን ያወጣው በቆሎ ብቻ የሚያውቅ ነዋ!”

“እንግዲያው በቆሎ ዝሪ።”

ይህን ክርክር እኔ አልፈጠርኩትም። ኮምፒዩተር በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የቋንቋ ሞዴሎች ደግሞ ጽሑፍን ቶከን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይከትፉታል። አከታተፉን የተማሩት እንግሊዝኛ ከሞላበት ክምችት ስለሆነ የእንግሊዝኛው ቃል አብዛኛውን ጊዜ እንደ በቆሎ ፍሬ ሙሉውን ያልፋል፤ የአማርኛው እንደ ጤፍ ይበተናል። ባለቤቶቻቸው ባለሙያዎችን የሚያስከፍሉት በአብዛኛው በቶከን ነው። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ የሚጠይቅ ባለሙያ አብልጦ ይከፍላል፣ ቆይቶ መልስ ያገኛል፣ ያገኘውም መልስ ብዙ ጊዜ የደከመ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፤ ያኔ የተደሰትን ሰዎች ቦታ አግኝቶ በዋጋ መበለጥ እንደሚኖር አላሰብንም። አዳዲሶቹ ሞዴሎች አከታተፋቸውን አሻሽለዋል፤ ልዩነቱ ጠብቧል እንጂ አልጠፋም።

የቆቅ ጫጩቶች እናታቸው ያልሰማቻቸው መስሏቸው በቆሎ መልቀም ጀመሩ። ጣፋጭ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ወፍጮውም ቶሎ ይፈጨዋል። ማን ይፈርድባቸዋል?

የጉማሬ ወፍጮ ሌላም ጣጣ ነበረበት። ከየአገሩ የሚጋዘው እህል ጠጠር ያለበት፣ አይጥ የሞተበት፣ እባብ የተጠቀለለበት ነበር። ወፍጮው እንዳለ ቢፈጨው ባለጠጎቹ ደንበኞች መርዝ ይበላሉ። ስለዚህ ጉማሬ የአዝመራን ጅግሮች ቀጠረ። ሰፌድ ይዘው ከንጋት እስከ ማታ ይለቅማሉ፤ ይህ ጠጠር፣ ይህ እባብ፣ ይህ የሕፃን ጣት። ማታ ቤታቸው ሲገቡ እህል አይወርድላቸውም፤ ሌሊት ይባንናሉ። ወፍጮው ልምዱን ሲጨርስ ጉማሬ በባለጠጎቹ ፊት “ወፍጮዬ በራሱ ጠጠር ይለያል” ብሎ ፎከረ። የጅግሮቹን ስም አላነሣም።

ጅግሮቹን የሚፈልግ ናይሮቢ ያገኛቸዋል። ታይም መጽሔት በጃንዋሪ 2023 እንደዘገበው ለቻትጂፒቲ ባለቤት ለኦፕንኤአይ የጭካኔና የወሲብ ጥቃት ጽሑፎችን እያነበቡ የሚለዩ የኬንያ ሠራተኞች በሰዓት ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ያገኙ ነበር። ያሠራቸው ሳማ የተባለ ኩባንያ ነው። እዚያው ሳማ ውስጥ ለፌስቡክ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ይዘት የሚመረምሩ ሠራተኞችም ተቀምጠው ነበር፤ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ከገዛ አገራቸው የሚመጣውን ምስል እያዩ ይሄ ይቆይ፣ ይሄ ይውጣ ይሉ ነበር። በሜይ 2023 ከ150 በላይ ለቃሚዎች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ስለ ማሽን ብልህነት ያን ያህል በተወራበት ዓመት ሰው ለመሆናቸው ድምፅ መስጠት ያስፈለጋቸው ሰዎች ነበሩ።

ይህ ሲሆን አዞ ከወዲያኛው የባሕር ዳርቻ ሲያይ ቆይቶ መጣ። አዞ እንደ ጉማሬ አይጮህም፤ ዓይኑን ከውሃው በላይ አድርጎ ይጠብቃል። “ጉማሬ ፍሬያችሁን ቆጠረባችሁ፤ እኔ ግን መሰብሰቢያ አዳራሽ እሠራላችኋለሁ፣ ቦዩንም እቆፍርላችኋለሁ፣ ብድሩን ቀስ ብላችሁ ትከፍላላችሁ” አለ። አዳራሹ አማረ። ከጊዜ በኋላ ግን አባ ኤሊ፣ እንቅልፍ የማይወስደው ሽማግሌ፣ ግድግዳው በሌሊት ይንሾካሾካል የሚል ወሬ አመጣ። ለ ሞንድ ጋዜጣም በጃንዋሪ 2018 ተመሳሳይ ወሬ አውጥቶ ነበር። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ በ2012 አዲስ አበባ ላይ ካስረከበችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ኮምፒዩተሮች መረጃ ለዓመታት በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይተላለፍ ነበር ሲል ጻፈ። ቻይና ሐሰት ነው አለች፤ ኅብረቱም አስተባበለ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ የሰው ቤት ግድግዳ ሲጠረጠር ባለቤቱ ራሱ ፈትሾ መልስ መስጠት የሚችለው ገመዱን ራሱ ዘርግቶት ከሆነ ነው።

እንግዲህ ሸንጎው “የራሳችንን ወፍጮ እናቁም” አለ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ ጃርት፣ የተግባር ሰው ስለሆነ፣ “ድንጋዩስ?” ብሎ ጠየቀ።

ድንጋዩ እንደ ድሮው ከወንዝ ዳር አይለቀምም። የሚጠረበው ሩቅ ባለች አንዲት ደሴት ነው። የሚወቅረው መሣሪያ ደግሞ በሌላ አገር ረግረግ ውስጥ ካለች አንዲት መንደር በስተቀር የትም አይሠራም። ማን ድንጋዩን ይግዛ፣ ማን አይግዛ የሚለውን ዝርዝር የሚጽፈው ጉማሬ ነው። ከተረት ውጭ ድንጋዩ ቺፕ ነው፤ ደሴቷ ታይዋን ናት፤ የኢንቪዲያን ምርጥ ቺፖች የሚያመርተው ቲኤስኤምሲ ነው። መንደሯ ሆላንድ ውስጥ ፌልድሆቨን ናት፤ እጅግ ረቂቆቹን ቺፖች ለማተም የሚያስፈልገውን ማሽን በዓለም ላይ ለገበያ የሚያቀርበው እዚያ ያለው ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው። አሜሪካ በኦክቶበር 2022 ለቻይና ምርጥ ቺፕ እንዳይሸጥ ከለከለች። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የዓለምን አገሮች በሦስት መደብ የከፈለ ደንብ አወጣች፤ በመጀመሪያው መደብ፣ እንደ ልባቸው በሚገዙት መካከል፣ 18 አገሮች ነበሩ። ከአፍሪካ አንድም አልነበረበትም። ቀጥሎ የመጣው አስተዳደር በሜይ 2025 ደንቡን ሻረው። ያረቀቀውም የሻረውም አንድ ቢሮ ነው፤ በመካከለኛው መደብ የተጻፉት አገሮች ሲጻፉም ሲፋቁም አልተጠየቁም።

ሸንጎው በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለ አያ አንበሶ ተነሣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ወፍጮ ግድ አልነበረውም፤ የእሱ ምግብ ሥጋ ነው። አሁን ግን ጎፈሩን ነስንሶ “ወፍጮ የሉዓላዊነት ጉዳይ ነው!” አለ። “ድንጋዩን በብድር እገዛዋለሁ። እህላችሁ ሁሉ ወደ እኔ ጎተራ ይግባ። ከእንግዲህ ባዕድ አይቆጥርባችሁም።”

ተጨበጨበ። እመት ቆቅ ግን ቆቅ ናት፤ አላጨበጨበችም።

“ጌታዬ፣ ቁናውን የሚይዘው ማን ነው?”

“እኔ ነኛ።”

“ሲሰፈር ቆመን ማየት እንችላለን?”

“የአገር ምስጢር ይታያል?”

በዓመቱ አንበሳና የጃርት ኮረብታ ተጣሉ። አንበሳ ወደዚያ የሚወርደውን ቦይ ዘጋ። በሦስት ኮረብታ ወፍጮ ቆመ፤ የታመመ መድኃኒት ማዘዣ አጣ፣ ባሕር ማዶ የሄደ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ ከረመ። ጉማሬ ፍሬ ቆጥሮ ነበር፤ ቦዩን የዘጋው ግን የአገሩ ሰው ነው። እዚህ ላይ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የትግራይ ሕዝብ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ከኢንተርኔት ተለይቶ ኖሯል። አማራ ክልል ውስጥ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቷል። ዋሽንግተንና አምስተርዳም ያሉ ዘመዶች በስልካቸው ላይ አንዲት ነጠላ ምልክት እያዩ የሰነበቱበትን ጊዜ የሚረሳ ቤተሰብ የለም። ስለ ዲጂታል ሉዓላዊነት ሲወራ ባለሥልጣን ከዜጋው ቀድሞ ሲያጨበጭብ ካየሁ የምጠራጠረው ለዚህ ነው። ቁናው ከጉማሬ እጅ ወጥቶ አንበሳ እጅ ቢገባ ለቆቅ የተለወጠላት የሰፋሪው ጥርስ ብቻ ነው።

ቆቅ፣ ጃርትና አባ ኤሊ በዚያ ክረምት በአንድ ጎጆ ተሰበሰቡ። ትልቅ ድንጋይ የላቸውም፤ ከየቤቱ የተጣለውን መጅ እየሰበሰቡ ትንሽ ወፍጮ ገጠሙ። ቀርፋፋ ነበረች። ዱቄቷም በጉማሬው ልክ አይለሰልስም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ጤፍን ጤፍ ትለዋለች፤ ጥቁሩን ከነጩ፣ ሠርገኛውን ከማኛ ታውቃለች። ማሳካኔ የተባለው ስብስብ በ2019 የተጀመረው በዚህ መንፈስ ነው፤ ከአህጉሩ ዙሪያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች፣ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ፣ ለገዛ ቋንቋዎቻቸው የትርጉም ክምችትና ሞዴል ሠሩ። ልሳን የተባለው ድርጅትም አማርኛና ትግርኛን ይዞ ከግዙፎቹ ጋር ተፎካክሯል። ጠጠሩ ወፍጮው ውስጥ ነው ብላ የጻፈችው አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በዲሴምበር 2020 ከጉግል ከወጣች በኋላ በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም አቋቁማለች።

የትንሿ ወፍጮ ፈተና ድህነት ብቻ አልነበረም። ሦስቱ ደግ ስለሆኑ ጎተራቸውን ለማንም ክፍት አድርገውት ነበር፤ “እህል የጋራ ነው” ብለው። ጉማሬ በሌሊት መጥቶ ከሁሉም አብልጦ የዛቀው እሱ ሆነ፤ በማግሥቱም ያንኑ ዱቄት አድርጎ መልሶ ሸጠላቸው። ጃርት እሾሁን አቁሞ “በር እንሥራ” አለ። ኤሊ “በር የሠራ ጎረቤቱን ያጣል” አለ። ይህ ጠብ እስካሁን አልበረደም፤ እኔም ወደ ጃርት አደላለሁ። በኒውዚላንድ ያሉ ማኦሪዎች ያደረጉትን ስለማውቅ ነው። ቴ ሂኩ የተባለው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ በ2018 ሕዝቡን አስተባብሮ በ10 ቀን ውስጥ ከ300 ሰዓት በላይ የቋንቋቸውን ድምፅ ሰበሰበ፤ ገንዘብ ይዘው ለመጡት የውጭ ኩባንያዎችም አልሸጠም። ክምችቱ የሚሰጥበትን ደንብ ራሳቸው ጻፉ፤ ጥቅሙ ወደ ማኦሪ ሕዝብ የሚመለስ ከሆነ ይወሰዳል፣ ካልሆነ ይቀራል።

አሁን ተረቱ ይገለበጣል። ጉማሬ አንድ ማለዳ ወደ ቆቅ ደጅ ራሱ መጣ። ከስቷል። “አንቺ” ይላት የነበረው “እርስዎ” አላት።

“እመት ቆቅ፣ እንደምን አደሩ? ትንሽ ጤፍ ቢያበድሩኝ ብዬ ነበር።”

ነገሩ ወዲህ ነው። የባለጠጎቹን አገር እህል ሁሉ ፈጭቶ ጨርሷል። የቀረው ከገበያ የሚያገኘው ዱቄት ደግሞ የራሱ ወፍጮ ያወጣው ነው። ዱቄትን መልሶ ሲፈጭ፣ ያንንም መልሶ ሲፈጭ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጭቃ። ኔቸር መጽሔት በጁላይ 2024 ያወጣው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ሞዴሎች በሞዴል የተጻፈን ጽሑፍ እየደጋገሙ ሲማሩ መጀመሪያ ብርቅ የሆነውን ነገር ይረሳሉ፣ ቀጥሎ ትርጉም ያጣሉ። ሰው የተናገረው፣ ገና ያልተዛቀ ንግግር ዋጋው የወጣው ለዚህ ነው። በአፍሪካ ጎተራ ውስጥ ደግሞ ያልተዛቀው ይበዛል።

ቆቅ አልቸኮለችም። ጤፍ ከዚህ በፊት ከእጇ ወጥቶ ነበርና። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ኢትዮጵያ በጤፍ ዘር ላይ ስምምነት ተፈራረመች። በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ኖረ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው፤ ያም ቢሆን ጉዳዩ የተነሣው በሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ጠብ እንጂ በኢትዮጵያ ከሳሽነት አልነበረም።

“እሰጥዎታለሁ” አለች ቆቅ። “ክፍያው በቁና ይሆናል። ሲሰፈር ልጄ ከቁናው አጠገብ ትቆማለች። የሚለቅሙት ጅግሮች ደመወዝ በእርስዎ አገር ላለ ለቃሚ የሚከፈለውን ያህል ይሁን። በቃኝ ያልኩ ቀን ደግሞ የእኔ ጤፍ ከወፍጮዎ ይወጣል።”

“የተፈጨ ጤፍ እንዴት ይወጣል?”

“እሱን ከመፍጨትዎ በፊት ያስቡበት።”

ጉማሬ “ልምከርበት” ብሎ ወጣ። ወጥቶም አልመከረም፤ በቀጥታ ወደ ዝንጀሮ ኮረብታ ሄደና በአንድ መስተዋት ሙሉ ጎተራ ገዛ። ከሚዳቋ ጋር በከበሮ ተስማማ። ለአንበሳ ምን እንደሰጠ አልተሰማም፤ ውሉ ምስጢር ነው ተባለ። ቆቅም የሰባቱ ኮረብታዎች ሸንጎ እንዲጠራ ላከች። ጥሪው እየዞረ ነው፤ ሁለት ኮረብታ መልስ ሰጥቷል።

ሸንጎ በእኛም ዘንድ ይዘገያል። የአፍሪካ ኅብረት የማላቦን የሳይበር ደኅንነትና የግል መረጃ ጥበቃ ስምምነት ያጸደቀው በጁን 2014 ነው፤ ሥራ ላይ እንዲውል የሚያስፈልጉት 15 አገሮች አጽድቀውት የጸናው ግን በጁን 2023 ነው። 9 ዓመት፤ በዚያ መካከል ወፍጮው ተተክሎ፣ ተለማምዶ፣ ዋጋ መጨመር ጀምሯል። አህጉራዊው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስልት በጁላይ 2024 አክራ ላይ ጸድቋል። ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን (ዓመቱ በእኛው አቆጣጠር ነው) አውጥታለች። አዋጁ የግለሰብን መረጃ ይጠብቃል፤ የአንድ ሕዝብ ንግግር፣ የሬዲዮ ጣቢያ የ50 ዓመት ክር፣ የገዳም ብራና ፎቶ በጅምላ ሲጫን ባለቤቱ ማን ነው ለሚለው ግን መልስ አልተዘጋጀለትም።

ስለዚህ ቃሌ እንዲህ ያለ ጎተራ በእጃችሁ ለያዛችሁ ነው፤ ለቤተ መዛግብት ኃላፊዎች፣ ለጣቢያ ሥራ አስኪያጆች፣ ለዩኒቨርሲቲ ክፍሎች፣ ለአሳታሚዎች፣ በባሕር ማዶ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለምትመሩ ወገኖች። ጉማሬም ሆነ አዞ፣ አንበሳም ቢሆን፣ ውል ይዞ ሲመጣ ውሉ በአማርኛ ወይም በባለቤቱ ቋንቋ እንዲጻፍ፣ ዋጋው በአደባባይ እንዲነገር፣ የሚቋረጥበት አንቀጽ እንዲገባበት ጠይቁ። ይህን እምቢ ካለም አትፈርሙለት።